ለበቅሎ ማሰሪያ ነጭ ድንጋይ የተከሉት የአቶ ደምለው ባዘዘው የሕይወት ታሪክ

አቶ ደምለው ባዘዘው ከአባታቸው ከአቶ ባዘዘው ቢሆነኝና ከእናታቸው ከወይዘሮ አመተ ሥላሴ ኃይለ ሚካኤል ጥር 21 ቀን 1906 ዓ.ም. በቢቸና ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ እዚያው ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደገሙ። ዜማ ቤትም ገብተው ነበር። ይሁን እንጂ መምህራቸው ይህ ድምፅ ለማኅሌት ሳይሆን ከብት ለመመለስ የተፈጠረ ነው ስላሏቸው በሁለተኛው ዓመት ተዉት፤ ይህንንም ራሳቸው እየሳቁ ያወሩት ነበር።

በ1935 ዓ.ም. ከወይዘሮ ፈንታነሽ ሣህለ ማርያም ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ሁለት ልጆች አፈሩ። በዚያው ዓመት ቢቸና በዘበኝነት ተቀጠሩ፤ በ1947 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ሞጣ ተዛውረው ችሎት በሚቀመጥበት ግቢ የበር ጠባቂዎች አለቃ ሆኑ። አቶ ደምለው ሥርዓት ካሉ ሥርዓት ነው፤ ለወንድማቸውም አይመለሱም። እኛ ልጆቻቸው ይህን ጠባያቸውን በደንብ እናውቀዋለን።

በዚያ ዘመን ወደ ችሎት የሚመጣ ባለ በቅሎ ሁሉ፣ ለፍርድ ክብር ሲል፣ ከዳገቱ ግርጌ ካለው ዋርካ ሥር ወርዶ በእግሩ ይወጣ ነበር። በጽሑፍ የተደነገገ ነገር አልነበረም፤ አቶ ደምለው ግን ከተጻፈው ሕግ አብልጠው ይጠብቁት ነበር።

በጥቅምት ወር 1951 ዓ.ም. ወይዘሮ ይርጋነሽ ውበቴ የተባሉ፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ አንድ እግራቸው የሰለለ ሴት፣ በአባታቸው ርስት ከአጎታቸው ጋር ተካሰው ለቀጠሯቸው መጡ። ግራጫ በቅሏቸው ላይ እንዳሉ እስከ በሩ እንዲያልፉ ለመኑ። አቶ ደምለው እንቢ አሉ፤ ከዋርካው ሥር አወረዷቸው። ወይዘሮ ይርጋነሽ በምርኩዝ ዳገቱን ሲወጡ ስማቸው ከችሎቱ ደጃፍ ሦስት ጊዜ ተጠራ። አቤት የሚል ሰው አልነበረምና መዝገቡ ተዘጋ። ላብ በላብ ሆነው በሩ ላይ ሲደርሱ ጉዳዩ አልቋል። አልጮኹም፤ አልተራገሙም። አቶ ደምለውን ቀና ብለው አይተው፣ “ከበቅሎዬ ባታስወርደኝ ኖሮ፣ ስሜ ሲጠራ አቤት እል ነበር” ብቻ ብለው ተመለሱ።

አቶ ደምለው ከዚያ ቀን በኋላ የቀድሞው ሰው አልነበሩም። ጥፋቱ የኔ ነው ብለው በፈቃዳቸው ለችሎቱ ቃላቸውን ሰጡ፤ ጊዜው አልፏል ተባሉ። ርስቱም በአጎትዬው እጅ ቀረ።

ከዚህ በኋላ ነው አገር የሚያውቀውን ሥራ የጀመሩት። አንድ እሑድ ጉልበታቸውን በመቀነት ጠፍረው፣ ምርኩዝ ይዘው፣ ያንን ዳገት ከዋርካው እስከ በሩ ወጡት። ሦስት ጊዜ ወደቁ። በማግስቱ ከበሩ በአሥራ አንድ እርምጃ ላይ ቦታ ለክተው ዙሪያውን በኖራ አሰመሩ፤ በአራቱም ማዕዘን ነጭ ድንጋይ ተከሉ፤ በመካከሉ ችካል አቆሙ፤ መውረጃ የሚሆን ባለ ሁለት ደረጃ ድንጋይም አኖሩ። መራመድ የተሳነው ሰው በቅሎውን የሚያስርበት ነው፣ ሌላ ሰው እንዳይደርስበት አሉ። ደምለው ለበቅሎ ርስት መራ እያለ ያሾፈባቸው ብዙ ነው። አለቆቻቸው ኖራውን ሁለት ጊዜ አስጠረጉባቸው፤ ሁለት ጊዜም መልሰው ቀቡት። አንድ ሹም ላንድሮቨሩን እዚያ ላይ ቢያቆም ፊት ለፊቱ ቆመው እስኪያነሳ ድረስ አልተንቀሳቀሱም። በዚህም የአለቅነት ማዕረጋቸውን ተገፈፉ፤ ለቤታችንም ከባድ ዓመት ነበር።

በ1956 ዓ.ም. በደብሩ ካህናት ፈቃድ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ በአሥራ አንድ እርምጃ ላይ ሌላ እንዲህ ያለ ቦታ አበጁ። ብዙ ሽባና አረጋዊ ወርዶበታል፤ አንድ ሰው ብቻ ሳይወርድበት ቀረ። ወይዘሮ ይርጋነሽ በየበዓሉ በቅሏቸውን ርቀው ያስሩና ምርኩዛቸውን ይዘው በነጩ ድንጋይ አጠገብ ያልፉ ነበር። አባታችን ያዩአቸዋል፤ ያን ቀን እህል አይቀምሱም። ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ልከው ይቅርታ ጠየቁ። ወይዘሮ ይርጋነሽ ሽማግሌዎቹን በአክብሮት ተቀብለው፣ ይቅርም ሳይሉ አልልምም ሳይሉ ሸኟቸው።

አቶ ደምለው ካለፈው ዓመት ጀምሮ እግራቸው ላይ በወጣ የማይድን ቁስል ታመሙ። በበቅሎ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ልጃቸው ወይዘሮ ንግስት ከነጩ ድንጋይ እንዲወርዱ ለምናቸው ነበር። “እሳቸው ሳይወርዱበት እኔ አልወርድበትም” አሏት። በዚያ እግራቸው ከሩቅ እየተጎተቱ መጡ፤ ቁስሉም ባሰ። እኛ ቤተሰቦቻቸው በዚህ ተቆጥተናል፤ ቁጣችንም ዛሬም አልበረደም።

ትናንት ኅዳር 12 ቀን 1964 ዓ.ም. ረፋድ ላይ በተወለዱ በ57 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፈንታነሽ፣ ልጆቻቸው ወይዘሮ ንግስትና አቶ ገብረ ክርስቶስ፣ አምስት የልጅ ልጆችም አሏቸው። ለቀብር የመጣችሁ ወዳጆቻችን በቅሏችሁን በነጩ ድንጋይ ውስጥ እንዳታስሩ ኑዛዜያቸው ነውና አደራ።

ይህ ከላይ ያለው ተጽፎ ካለቀ በኋላ፣ ዛሬ ጠዋት ከደብሩ ደጃፍ የተጨመረ ነው። ቀሳውስቱ ፍትሐት ሲጀምሩ ከነጩ ድንጋይ መካከል አንዲት ግራጫ በቅሎ ታስራ አየን። ወይዘሮ ይርጋነሽ በሁለቱ ደረጃ ወርደው፣ አሥራ አንዱን እርምጃ በምርኩዛቸው መጥተው፣ አስከሬኑ አጠገብ ቆሙ። ይህን ቃል ከታሪካቸው ጋር አንብቡልኝ አሉ፤ “ሦስት ጊዜ ጠርተውኛል፤ ዛሬ አቤት ብያለሁ።”

እግዚአብሔር የአባታችንን ነፍስ ከደጁ ሳያርቅ ይቀበል። አሜን።