ስም ያልተጻፈባቸው አንገቶች

ለገመቹ፣ ለባለቤቴ፦

ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ገባ። ነቀምቴ እንደምታውቃት ናት። ዝናቡ አንዴ ከጀመረ አይተውም፤ መብራቱም ይሄዳል፣ ይመጣል፤ የንቅሳት ማሽኑ የሰው ክንድ ላይ እንደተደገነ ቀጥ ይላል። «ደህና ነኝ» ብዬ እንዳልጀምርልህ ከአንተ ጋር መዋሸት አልለመድንም። ደህና አይደለሁም፣ ተናድጃለሁ። ሰው ሁሉ ሳለቅስ ሊያየኝ ይመጣል፤ እኔ ግን ብዙውን ጊዜ የሚይዘኝ ንዴት ነው። አንዳንዴ በሰው፣ አንዳንዴ ደግሞ፣ ይቅር በለኝና፣ በአንተ።

ከመናኸሪያው በላይ የነበረውን ቤት አከራዩ ስለፈለገው ሥራውን ወደ መኖሪያችን አምጥቼዋለሁ። የፊተኛው ክፍል አሁን የንቅሳት ቤት ነው። ወንበርህ መስኮቱ ሥር ነው ያለው። እንደ ድሮው ብዙ ሰው አይመጣም። በከተማው «መርፌው ነው የገደለው» የሚል ወሬ አለ። ጉበትህ ገና ተማሪ ሳለህ የታመመ መሆኑን፣ ሐኪሙም ይህንኑ እንደነገረን ለስንቱ ላስረዳ? እያንዳንዱን መርፌ ደንበኛው እያየ ከማሸጊያው አወጣለሁ፤ እያየ እጥለዋለሁ። እንደዚያም ሆኖ እጄን እየሰረቁ የሚያዩ አሉ።

የሚመጡትም ስልካቸውን ነው የሚዘረጉልኝ። ዘውድ የደፋ አንበሳ። በማግስቱ ሌላው ይመጣና ያንኑ አንበሳ፣ ያንኑ ዘውድ ያሳየኛል። ከመደርደሪያው መጽሐፍ አውርጄ «እስቲ ይህን ተመልከት» ስለው ገጹን ሁለቴ ገልጦ፣ «የኔ እዚህ አለ» ብሎ ወደ ስልኩ ይመለሳል። አንተ ብትሆን ቁጭ አድርገህ ታስተምረው ነበር። እኔ ትዕግሥቱ የለኝም። አንበሳውን እነቅስና እሸኘዋለሁ።

የተዋወቅነውም በመጽሐፍ አይደል? እኔ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እሠራ ነበር። አንተ መምህርም ተማሪም ሳትሆን ገብተህ፣ የወፎች መጽሐፍ አለ ወይ ብለህ ጠየቅኸኝ። ሰጠሁህ። ቀኑን ሙሉ የአንድ ንስር ክንፍ ስትገለብጥ ዋልክ። ልዘጋ ስል ቀና ብለህ፣ ላባዎቹ ከክንፉ ጫፍ ወደ ትከሻው ሲመጡ እንዴት እንደሚያጥሩ አሳየኸኝ። ያን ቀን የወፍ ላባ ስመለከት የመጀመሪያዬ ነበር ማለት ይቻላል።

ከዚያ በኋላ ቤታችን በመጽሐፍ ተሞላ። ለራስህ የገዛኸው የወፍ መጽሐፍ ሽፋኑ የተገነጠለ ነበር። የአጥንትና የጡንቻ መጽሐፉን ደግሞ አንድ የሕክምና ተማሪ ተመርቆ ወደ ሐዋሳ ሲመለስ ነው የተወልህ። እሱን ከሁሉ በላይ ትወደው ነበር። ክንድ ሲታጠፍ ሥዕሉም አብሮ እንደሚታጠፍ፣ ቆሞ ያማረው ቁጭ ሲል እንደሚጣመም ከዚያ ነው የተማርከው፤ እኔንም በራሴ ክንድ ላይ በእስክሪብቶ እየሣልክ አስተማርከኝ። የጥልፍና የሰፌድ ጥለቶች የያዘውም ነበር። ከእነዚህ ሁሉ በላይ ግን አልበሞችህ ነበሩ። ጉቴ፣ አኖ፣ እስከ ጊዳ አያና ድረስ እየሄድክ አንገታቸውንና አገጫቸውን የተነቀሱ እናቶችን ፎቶ እያነሳህ፣ በፎቶው ላይ ስስ ወረቀት እየዘረጋህ ነጥብ በነጥብ የገለበጥካቸው። እነዚያን የነቀሱ ሴቶች ካለፉ ጥለቱን የሚያውቅ አይኖርም ትል ነበር።

አሁን የሆነውን ልንገርህ።

ለቅሶው ሳይነሳ ሰው «ማስታወሻ» እያለ ከመደርደሪያው መጽሐፍ ይወስድ ጀመር። እኔ የሚሆነውን የማይበት ዓይን አልነበረኝም። የወፉን መጽሐፍ ጓደኛህ ደረጀ ፀጉር አስተካካዩ ወሰደው። ከወራት በኋላ በበሩ ሳልፍ ያ ንስር ከመጽሐፉ ተቆርጦ መስታወቱ ላይ ተለጥፏል። ገብቼ ጠየቅሁት። ገመቹን በየቀኑ እንዳስታውሰው ብዬ ነው አለኝ፣ ከልቡ። የቀረውን መጽሐፍ ተቀብዬ ወጣሁ። አሁን ንስር የሚፈልግ ደንበኛ ቢመጣ የማሳየው ጭልፊት ነው።

አልበሞቹን የወሰደው ወንድምህ ታደለ ነው። እንደምታውቀው የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሆኗል፤ ቃሉም ይሰማል። የሴቶች አንገት ሥዕል ቤት ውስጥ መከማቸቱ ደግ አይደለም፣ ያለፈ ዘመን ምልክት ነው፣ ከዓይንሽ ሲርቅ አንቺም ይቀልሻል አለኝና በጆንያ አድርጎ ወሰዳቸው። ያቃጥላቸዋል ብዬ ነበር።

ባለፈው በጋ ዘነበች የምትባል ሴት መጣች። ወላጆቿ ከወሎ መጥተው ጊዳ አያና የሰፈሩ ናቸው። እዚያ ነው የተወለደችው፤ ኦሮምኛውንም አማርኛውንም እኩል ትናገራለች። ግጭቱ ሲመጣ ከእናቷ ጋር ሸሽታ ወጣች። እናቷ በስደቱ ታመው አረፉ፤ ቤታቸው ከነፎቶው ተቃጥሏል። አሁን እዚህ አንዲት ክፍል ተከራይታ ሽንኩርትና ቲማቲም ትሸጣለች። በሩ ላይ ቆማ፣ የሥዕል ሰውዬው ቤት ይሄ ነው ወይ ብላ ጠየቀች። አንድ በጋ ግቢያቸው መጥተህ፣ በቆሎ ጠብሰውልህ፣ የእናቷን አንገት እንደሣልክ ታስታውሳለች። የነቀሰቻቸው የኦሮሞ ጎረቤታቸው ነበረች አለችኝ፤ እሷም የለችም። ዘነበች የእናቷን አንገት ማየት ፈለገች። ከተገኘ ደግሞ ክንዷ ላይ እንድነቅስላት።

መሞትህን ስነግራት መሬቱን አየች። ከዚያ፣ «ወረቀቱም አብሮ ሞተ?» አለችኝ።

ታደለ ዘንድ ሄድኩ። እንግዳ አለብኝ አለ። ደግሜ ስሄድ ስብሰባ ላይ ነው ተባልኩ። በሌላ ቀን አገኘሁትና ነገሩን አስረዳሁት፤ የሰማ መሰለኝ፤ ግን ልጸልይበት አለ። አንዲት ሴት የእናቷን መልክ ለማየት የሚጸለይበት ምን አለ? ቤት ስመለስ በዚህ ንዴት መርፌ አልይዝም ብዬ ቀጠሮ የሰጠሁትን ደንበኛ ሌላ ቀን ና ብዬ ሸኘሁት። በመጨረሻ አንድ እሑድ ከአምልኮ መልስ በረንዳው ላይ ቁጭ አልኩ። ካላቃጠልካቸው ስጠኝ፣ ካቃጠልካቸውም በአፍህ ንገረኝና ለልጅቱ ልንገራት፣ እስከዚያ አልነሳም አልኩት።

ከዚያ ገብቶ አልበሞቹን በነጠላ ጨርቅ እንደተጠቀለሉ አመጣቸው። አንድም አልተቃጠለም። አንዱን ገልጦ በምላጭ የተቆረጠ ቦታ አሳየኝ። ያ ገጽ የእናታችሁ፣ የአዴ ጫልቱ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ከገቡ ጀምሮ አንገታቸውን በሻሽ ሸፍነው የኖሩ፣ በሻሹም የተቀበሩ። ለአንተ ግን ፈትተው ቁጭ ብለውልሃል።

«ሂሩት» አለኝ ታደለ፣ «ሀርሜ፣ እናቴ፣ አንገቷን ገልጣ ያየኋት እዚህ ወረቀት ላይ ብቻ ነው። ለእሱ ገለጠችለት። ለእኔ አንድ ቀን አልገለጠችም።»

ያንን ገጽ አልመልስም አለ። እኔም አልተከራከርኩም። እየተናደድኩ ወጣሁ፤ መንገድ ላይ ግን በእሱ ይሁን፣ እናታችሁን በራሳቸው አንገት እንዲያፍሩ ባደረጋቸው ይሁን፣ በማን እንደምናደድ ጠፋኝ። «ገለቶሚ» ብዬ ማመስገን እንኳ ረስቼ ነው የወጣሁት።

ዘነበችን ጠራኋትና አልበሙን ከፈትኩላት። አሁን ደግሞ ተራው የአንተ ነው፣ ገመቹ። ሥዕሎቹ ሥር ምን ጻፍክ? «አያና»፣ የቦታውን ስም። በቃ። ከሥሩ ሌላ «አያና»፤ ቀጥሎም «አያና፣ በጋ»። አንገቱን፣ የነጥቦቹን ረድፍ፣ የመስመሩን ውፍረት ቆጥረህ፣ የሴትዬዋን ስም አልጻፍክም። ከፎቶዎቹም ከአገጭ በላይ ያለውን ፊት ቆርጠሃል። አንተ ማን ማን እንደሆነች በቃልህ ታውቅ ነበርና ሁልጊዜ የምትኖር መስሎህ ነበር! ስንት ጊዜ አብረን ቁጭ ብለን ስንገለብጥ «ይቺ እኮ» ብለህ ጀምረህ ታሪኳን አጫውተኸኛል፤ ያ ሁሉ ከአንተ ጋር ሄደ።

ዘነበች አንድ በአንድ አየቻቸው። መልሳም አየቻቸው። ዕድሜዋን ሙሉ ያየችውን የእናቷን አንገት መለየት አቃታት። ሁለቱን ለይታ ያዘችና አንዷን አነሳች፣ መልሳ ጣለቻት። አታለቅስም፤ ግንባሯ ግን አልቦት ነበር። እንግዲህ የእናቴን መልክ ረሳሁ ማለት ነው አለች። በሕይወቴ የሰማሁት ከባዱ ነገር ይህ ሳይሆን አይቀርም። በዚያች ሰዓት ብትኖር ኖሮ፣ እውነቴን ነው፣ እጮኽብህ ነበር።

ልትሄድ ተነስታ ነጠላዋን አስተካከለች። ከዚያ ምን እንደታያት አላውቅም፣ ተመልሳ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች፤ ሥዕሎቹን ከራሷ በላይ ከፍ አድርጌ እንድይዝላት ጠየቀችኝ። እንደ ሕፃን አንጋጣ ተመለከተች። የመጀመሪያውን ያዝኩ፣ አይደለችም ብላ ራሷን ነቀነቀች። ሁለተኛውን ያዝኩ። እጇን ዘርግታ፣ ከግራ መንጋጋ ሥር ረድፉ የሚቋረጥበትን፣ ነጥብ የሌለበትን ክፍተት በጣቷ ነካች።

«ይቺ ናት» አለች። «እናቴን መች ከፊት ለፊት አየኋት? ከጭኗ ሆኜ ነው ያየኋት። ጣቴን እዚህ አድርጌ ነበር የምተኛው።»

ያኔ አለቀሰች። እኔም ክንዴ እስኪዝል ድረስ ወረቀቱን ከላይዋ ይዤ ቆየሁ።

ያንን ክፍተት ሌላ ነቃሽ ቢሆን የመርፌ ስህተት መስሎት ይሞላው ነበር። አንተ ሳትሞላ እንዳለ ተውከው። ለዚህ አመሰግንሃለሁ። ስሟን ባለመጻፍህ ግን አሁንም ተቆጥቼሃለሁ፤ አንዱ ሌላውን አይሰርዘውም።

ስነቅስላት አንተ የምትጠላውን አደረግሁ። ሥዕል ለሚያየው ሰው ቀጥ ብሎ መቆም አለበት ትል ነበር፤ ወደ ባለቤቱ የዞረ ንቅሳት ለሌላው የተገለበጠ ነው። ዘነበች ግን ወደ ራሷ እንዲዞር ፈለገች። ክንዷን አጥፋ ወደ ደረቷ ስታመጣው ከታች ወደ ላይ የምታየው እንዲሆን። የአጥንት መጽሐፉን ከፍተን ክንድ ሲታጠፍ ጡንቻው የት እንደሚሄድ አየንና ረድፎቹን በዚያ ልክ አስቀመጥኳቸው። መብራቱ ሁለቴ ሄደብን፤ ሁለቴም ጠበቅነው። ክፍተቱ ጋ ስደርስ ማሽኑን አነሳሁና አለፍኩት። ስትወጣ የእናቷን ስም ነገረችኝ፤ ወይዘሮ ዘሪቱ ይባላሉ። ከሥዕሉ ሥር በጉልህ ጻፍኩት።

ከዚያ ወዲህ አልተኛሁም ብል ይሻላል። አልበሙን ይዤ በሚኒባስ ጉቴ ሄድኩ። ከሣልካቸው አንዳንዶቹ አርፈዋል። አንዲት እናት በሩን ከፍተው ሥዕሉን ሲያዩ፣ እኔ አይደለሁም፣ አሁን በጌታ ነኝ ብለው ዘጉብኝ፤ አንገታቸው በሻሽ የተሸፈነ ስለነበር ልከራከር አልቻልኩም። ሌላዋ ሳቁብኝ፤ ልጁ አንገቴን አወፍሮታል አሉ። አኖ ያሉት ደግሞ የእሳቸው ስም ብቻ ተጽፎ የነቀሰቻቸው አክስታቸው ስም ካልተጻፈ አይሆንም ብለው አስጻፉኝ። የት እንደደረስክ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። አንድ በቆሎ በእጄ አስያዙኝ፤ ለአንተ ይሁን፣ ለእኔ ይሁን አልጠየቅሁም። አያናን ዘነበች በምታውቃቸው ሰዎች በኩል እያፈላለገች ነው። ገና ባዶ የሆኑት ይበዛሉ። አንዳንዶቹን የሚያውቅ ሰው ላላገኝ እችላለሁ፤ ለእነሱ ስም አልፈጥርም፣ ቦታውን እተወዋለሁ።

ታደለ ገጹን አልመለሰም። በቀደም ግን መጥቶ ወንበርህ ላይ ቁጭ ብሎ አልበሙን አገላበጠ። የተቆረጠበት ቦታ ላይ «አዴ ጫልቱ፣ ጉቴ» ብዬ መጻፌን አየና ዘጋው። ሲወጣ ዝናብ ነበር፤ ጥላ ሰጠሁት።

አልረሳህም፣ ገመቹ። እየተቆጣሁህም ቢሆን አልረሳህም። እኔም አንድ ቀን እንደምሄድ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ከእንግዲህ በቃሌ የምይዘው ነገር የለም። አንተ ትተህ የሄድከውን እየጠየቅሁ እጽፈዋለሁ።

ሚስትህ ሂሩት