ስለ ሰማያዊው ክር፤ ለመጠለያ ጣቢያው አስተዳዳሪ

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ፣ ቤተሰብዎና የጥበቃ አባላትዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ የተረፍነው ደህና ነን። ጦርነት ያፈናቀለንን ስደተኞች ከጥይት አምልጠን ጥይት ባለበት እንድናርፍ ስላደረጉን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በግቢዎ የጥበቃዎችን የደንብ ልብስ እጠግን የነበርሁት ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ዛሬ የምጽፍልዎ ከአጥርዎ ውጭ ሆኜ ነው።

፩. ማክሰኞ ረፋድ ላይ ፊታቸውን የሸፈኑ ስድስት ሰዎች የውሃ ቦኖው ጋ በተሰለፉት ሴቶች ላይ ተኩሰው አራቱን ገደሉ። አንዷ እንደ እናት ሆና ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ ናት፤ ስትወድቅ ጄሪካኗን አልለቀቀችም። ሰኞ ዕለት ጥበቃዎችዎ ይደበድቡናል ብለው ለቢሮዎ አቤት ያሉት እነዚሁ ሴቶች ነበሩና፣ አቤቱታቸው በአንድ ቀን ምላሽ ማግኘቱ የቢሮዎን ቅልጥፍና ያሳያል። ረቡዕ ደግሞ እርስዎ ገዳዮቹ «ማንነታቸው ያልታወቀ ታጣቂዎች» መሆናቸውን በማስታወቂያ ሰሌዳ ገለጹልን።

፪. ባለፈው ወር አረንጓዴ ክር አልቆብኝ ብጠይቅዎ «ባለው ስፋው፤ ማን ያየዋል?» ብለውኝ ነበር። እንደ ትእዛዝዎ የስድስት ጥበቃዎችን ሱሪ ጉልበቱ ላይ በሰማያዊ ክር ጠገንሁ። ማክሰኞ ሸሚዛቸውን ቀይረው መጡ፤ ሱሪያቸውን ግን ረሱት። ከቦኖው አሥር እርምጃ ርቄ የስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ ነበርና፣ ያየሁት እኔ ነኝ። እህቴ ላይ የተኮሰው ሰው ግራ ጉልበቱ ላይ ሁለት ጊዜ የደረብሁለት ስፌት አለ።

፫. ለማጽናኛ የላኩልኝ ብርድ ልብስ ደርሶኛል። ለእህቴ መገነዣ ስለዘገየ አጣጥፌ አስቀምጬዋለሁ፤ ከእናንተ ወገን የሚፈልገው አይጠፋም።

ይቅርታ እንደማላደርግ በትሕትና አስታውቃለሁ። መሣሪያ የለኝም፤ የስድስቱን ስም፣ የወገብና የእጅ አንጓ ልክ የያዘ ደብተር ግን ነበረኝ። ትናንት በግድያው ላይ ምርመራ ለያዙት ሰዎች አስረክቤዋለሁ። የእጅ አንጓው ልክ ለካቴና ይረዳቸዋል።

ፍርድ ቤት ቆመው ሳላይዎ እንዳይሞቱብኝ ረጅም ዕድሜ አጥብቄ የምመኝልዎ፣

ታዛዥዎ የነበረው ልብስ ሰፊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ማንነታቸው አልታወቀም ባሉ ማግስት፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ሰማያዊው ስፌት ተፈትቶ እንደገና እንዲሰፋ ስድስት ሱሪ ከአንድ ጥቅል አረንጓዴ ክር ጋር ልከውልኝ ነበር። ሱሪዎቹ እንደመጡ፣ ሳይነኩ፣ ከትእዛዝ ወረቀትዎ ጋር መርማሪዎቹ ዘንድ ናቸው። ክሩን አስቀርቼዋለሁ፤ የእስር ቤት ልብስዎ ሲቀደድ እጠግንልዎታለሁ።