ብርቅዬ ቱቦ አፈላላጊዋ እትዬ ማግኔት

ዛሬ የምንሸኛቸው እትዬ ማግኔት ከቆርቆሮ ሠሪ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1951 ዓ.ም. የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ሆነው ተወለዱ። አባታቸው ያወጡላቸው ስም መታወቂያ ላይ ቀርቷል። ሠፈሩ የሚያውቃቸው ከቁልፋቸው ጋር አንጠልጥለው በሚዞሩት ማግኔት ነው። የሰው በር፣ የሰው ድስት፣ የሐኪም ትሪ ሳይቀር በማግኔታቸው ሳይነኩ አያልፉም ነበር።

ትምህርታቸውን በሠፈራቸው ትምህርት ቤት ተከታትለው አጠናቀዋል። በመካከሉ ለአንድ ሳምንት የተባረሩት የትምህርት ቤቱን ደወል በሚስማር ሲፍቁ ተይዘው ነው። ወላጅ አምጪ ተብለው አባታቸው ሲቀርቡ፣ ርእሰ መምህሩን ሰምተው ሰምተው “ለመሆኑ ደወሉ ከምንድን ነው የተሠራው?” ብለው ጠየቁ ይባላል። እንግዲህ ነገሩ በዘር የመጣ ነው።

በ1970 ዓ.ም. በአንድ የቧንቧ መጋዘን በንብረት ያዥነት ተቀጠሩ። በ1974 ዓ.ም. ከአንድ የከባድ መኪና ሾፌር ጋር ትዳር መሥርተው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል። በሠርጋቸው ዕለት ቀለበቱን በማግኔት ሲፈትኑት ሚዜዎቹ ክው ብለው ቀሩ። ነፍሳቸውን ይማርና ባለቤታቸው “ያን ቀን ቀለበቱ ቢለጠፍ ኖሮ ዛሬም ላጤ ነበርኩ” እያሉ ሲያስቁን ኖረዋል።

በ2003 ዓ.ም. በያጁ ታናሽ ወንድማቸው የማርሚታ ጋራዥ ሲከፍቱ፣ እትዬ ማግኔት ከመጋዘኑ ወጥተው ቱቦ አፈላላጊያቸው ሆኑ። ወንድማቸው የሚሠሩት እንደ ነገሩ የሆነ የጭስ ማውጫ አልነበረም፤ ለአንድ መኪና ብቻ ተለክቶ የሚታጠፍና የሚበየድ ነው። እንዲህ ላለው ሥራ የሚሆን ቱቦ ሱቅ ተገብቶ አይገዛም። እትዬ ማግኔት ግን ከፈረሰ የወተት ፋብሪካ የማይዝግ ብረት፣ ከአውሮፕላን ጥገና ትርፍራፊ ደግሞ ስሙን እንኳ የማናውቀውን ብረት ይዘው ይመጣሉ። ማግኔት እምቢ ያለውን፣ ሲያነሱት የቀለለውን፣ መሞረጃ ድንጋይ ሲነካው ነጭ ፍንጣሪ የሚረጨውን ሲያገኙ “እሰይ! ቲታኒየም!” ይሉና እንደ ሕፃን ያጨበጭባሉ።

በ2004 ዓ.ም. ወንድማቸው ለገዛ መኪናቸው በቲታኒየም ማርሚታ ሠርተው ደንበኛውንና የቱቦ ነጋዴውን ሁሉ ጠሩ። ቱቦውን ወራት ፈልገው ያመጡት እትዬ ማግኔት ነበሩ። ሞተሩ ተነሣ፤ ብዙም ሳይቆይ ማርሚታው ቋ ብሎ ተሰነጠቀ። ወንድማቸው በሰው ፊት “እትዬ፣ ተሸውደሻል! ሐሰተኛ ቱቦ ነው ያመጣሽልኝ!” አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ በኋላ የትኛውም ነጋዴ ሲያያቸው “ተሸዋጇ መጣች” ሳይል አያልፍም ነበር። ወንድማቸውም ቱቦ ከሌላ ያስመጡ ጀመር፤ በሰው ሠርግ ላይ ሲገናኙ ሰላም ተባብለው ከማለፍ በቀር ወሬ አልነበራቸውም። ብረት አውቃለሁ ብሎ ለኖረ ሰው ይህ ከባድ ነው።

በ2013 ዓ.ም. እትዬ ማግኔት በካንሰር ሕመም ተይዘው ወደ ሐኪም ቤት መመላለስ ጀመሩ። ከመጠበቂያ ክፍሉ መስኮት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ የአንዲት ልብስ አጣቢ የልብስ ማስጫ ምሰሶ ይታያል። ክረምቱ መጣ፣ ዝናቡ ወረደ፣ ምሰሶው አልዛገም። አላስችል አላቸው። ተራቸውን ጥለው መንገዱን ተሻገሩ፤ ማግኔቱ አልያዘም። የምሰሶው ቱቦ የተነቀለው ከፈረሰ የወረቀት ፋብሪካ ሲሆን፣ ብረት የሚበላ ማንጫ ፈሳሽ ሲያስተላልፍ የኖረ ቲታኒየም ነበር። አጣቢዋ “እርስዎ ታመው የሚለፉለት ውስጡ ምን ቢኖር ነው?” ብላ ጠረጠረች። እሳቸውም ውድ ብረት መሆኑን ሳይደብቁ ነገሯት። እሷም በምትኩ ሁለት አዲስ ምሰሶ እንዲተከልላትና ከቱቦው የሚሠራው ማርሚታ የሚገጠምለት የወንድማቸው መኪና ሲነሣ ቆማ እንድታይ ጠየቀች። እውነቷን ነው፣ ማንስ ቢሆን ማየት አይፈልግም?

ቱቦውን አስጭነው ጋራዡ ሲደርሱ ወንድማቸው ወጥተው ቱቦውን ተቀበሏቸው። እትዬ ማግኔት የቱቦውን ጫፎች በፕላስተር አሽገው “የአርጎን ጋዙን ከውስጥም ሙላበት። ሲግል ውስጡን አየር ከነካው ይነጣል፣ ይሰበራል” አሏቸው። ወንድማቸው የብየዳ መነጽራቸውን አስቀመጡ። የያኔው ማርሚታ የተሰነጠቀው በዚህ መሆኑን ከመቼ ጀምረው እንዳወቁ ጠየቁ። የያኔውን ስብርባሪ የቲታኒየም ብስክሌት ለሚበይድ ሰው አሳይተው በዚያው ሳምንት ነበር ያወቁት። ታዲያ ለምን ሆድ ይፍጀው አሉ?

“የተሸወደች ገዢ ይሳቅባታል። ብየዳው የተሰነጠቀበት በያጅ ግን ልጆቹ ይራባሉ” አሉ።

ከነዚያ ልጆች አንዷ ይህን ታሪክ የጻፈችው ናት።

ማርሚታው ተበየደ፤ መኪናውም አጣቢዋ ባለችበት ተነሣ፤ አልተሰነጠቀም። ወንድማቸው እያለቀሱ ወደ ነጋዴዎቹ ሮጠው ሊናገሩ ሲሉ እትዬ ማግኔት “እኔ በሕይወት እያለሁ አይሆንም!” ብለው ከለከሏቸው። ከዚያ ወዲያ እስከ መጨረሻው ሕመማቸውን ያስታመሙት እኚሁ ወንድማቸው ናቸው።

እትዬ ማግኔት ኅዳር 4 ቀን 2016 ዓ.ም. በስልሳ አምስት ዓመታቸው ዐረፉ። ሁለት ልጆችን፣ ሦስት የልጅ ልጆችን፣ አንድ ወንድምንና የወንድም ልጆችን ትተው ሄደዋል።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላልና፣ ወንድማቸው ይህ ሲጻፍ አጠገብ ተቀምጠው፣ የቱቦ ነጋዴዎች ሁሉ በተሰበሰቡበት በዚህ ቦታ በራሳቸው ቃል እንዲነበብ የለመኑት የሚከተለው ነው፦ “ቱቦው እውነተኛ ነበር። የተሰነጠቀው የኔ ብየዳ ነው። እህቴ አንድም ቀን ተሸውዳ አታውቅም።”

ጠይቃ የማትጠግበውን ነፍሳቸውን ፈጣሪ የጥያቄ ሁሉ መልስ ካለበት ያሳርፍልን። ለቤተሰቡም መጽናናትን ይስጥ።