አኮርዲዮን ትወዳለች ያልሽው

ውድ ላቮን፣

«ውድ» ያልኩሽ ደብዳቤ ያለሱ ስለማይጀመር ነው፤ ሌላ ነገር እንዳይመስልሽ።

ማክሰኞ ዕለት እናታችንን ልትገድያት ነበር። ያውም ፎኒክስ ከተማ ቁጭ ብለሽ፣ በስልክ።

እማዬ የተኛችበት የማስታመሚያ ቤት በሙዚቃ የሚያክም ሰው አለው፤ ዌንደል ይባላል። ከመምጣቱ በፊት ሕመምተኛው የሚወደውን ዘፈን ከቤተሰብ ያጣራል። እኔ ሥራ ላይ ስለነበርኩ አንቺ ጋ ደወለ። አባዬን ከቀበርን ወዲህ ስድስት ዓመት እኛ ያለንበትን ዱሉትን ያልረገጥሽው ሴትዮ፣ ትንሽ እንኳ ሳታመነቺ «የፖልካ ጭፈራ ነዋ፣ በአኮርዲዮን፤ እማዬ ነፍሷ ነው» አልሽው።

ነፍሷን ያወጣውማ እሱ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ አባዬ አኮርዲዮኑን አንግቶ የሰው ሰርግ ሊያደምቅ ይሄዳል፤ እሑድ ጠዋት የሌላ ሴት ሽቶ ተሸክሞ ይመለሳል። ያንን ሸሚዝ ማን ያጥብ ነበር? አንቺማ ጭኑ ላይ ሆነሽ ታጨበጭቢ ነበር።

የዌንደል አሠራር እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ከሕመምተኛው ትንፋሽ እኩል ይጫወታል፤ ከዚያ ዜማውን ቀስ በቀስ ሲያዘገየው ትንፋሹም ተከትሎ ይረጋጋል። ጥሩ አሠራር ነው፣ አላጣጥለውም። ግን እማዬ አኮርዲዮኑን ስትሰማ ትንፋሿ መሮጥ ጀመረ። እሱ ደስ ብሏት መስሎት አብሯት ሮጠ። ስደርስ አንሶላውን በሁለት እጇ ጨብጣ ከንፈሯ ጠቁሯል። ስትሮክ ከመታት ወዲህ «ተው» ማለት እንኳ አትችልም።

«ያንን ነገር ከዚህ አውጣልኝ» አልኩት።

«እህትዎ እኮ ናቸው የመረጡት» አለ፣ ፊቱ አመድ መስሎ።

«እህቴ የምታውቀው አባቷን ነው።»

ኮሪደር ላይ አስቀምጦት ተመለሰ። «ይቅርታ። እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ፣ እናትዎ ምን ይወዳሉ?»

እዚህ ላይ ልዋሽሽ እችል ነበር። አላውቅም። ስድስት ዓመት ያጠብኳት፣ ያጎረስኳት እኔ፣ እናቴ የምትወደውን አንድ ዘፈን አላውቅም። ደስ ይበልሽ።

ዌንደል ወንበር ስቦ ተቀመጠና ያለ መሣሪያ፣ በአፉ ብቻ ከትንፋሿ እኩል ያንጎራጉር ጀመር። ቀስ፣ ቀስ እያለ ትንፋሿን አዘገየላት። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ፣ ያቺ «ውሃ» ማለት ያቃታት ሴት ቃሏ ጥርት ብሎ ዘፈነች፦

«ሳህኑን ማን ያጥባል፣ ድስቱን ማን ያደርቃል?»

እኔ ክው ብዬ ቀረሁ። ዌንደል ግን አልገረመውም። «ንግግር የጠፋባቸው ሰዎች አንዳንዴ ዘፈን ይቀርላቸዋል» አለኝ።

ከዚያ ዝም አለች። መልስ እየጠበቀች ነበር። ወጥ ቤት ሳህን ስታጥቡ የፈጠራችሁት የሁለታችሁ ነገር ነው፤ እሷ ትጠይቃለች፣ አንቺ ትመልሻለሽ። እኔ ያን ጊዜ ደጅ በረዶ እዝቅ ነበር። በመስኮት የሚሰማኝ የሷ ጥያቄና ሳቃችሁ ነው፣ የመልስሽ ቃል አይደለም። «ላላላ» ብዬ ልመልስላት ሞከርኩ፤ ራሷን ነቀነቀች። ዌንደልም ሞከረ፤ እሱንም እምቢ አለችው። እንደገና ጠየቀች፣ ዓይኗን በሩ ላይ ተክላ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ትጠይቃለች።

ሐኪሟ ከሁለት ሳምንት አታልፍም ብላለች።

መልሱን በስልክ እንዳትነግሪኝ፤ በስልክ የተናገርሽውን አይተነዋል። ጽፈሽም እንዳትልኪው። እኔ ብዘፍነው አትቀበለኝም፣ እሱ ነው የሚያንገበግበኝ። ዌንደል የሚመጣው ሐሙስ ጠዋት በአራት ሰዓት ይመጣል፤ ከሱ በፊት ድረሺ። አውሮፕላን ማረፊያ መጥቼ አልቀበልሽም፣ ይቅርታም አላደረግሁልሽም፣ አንድ ቃል እንድታወሪኝም አልጠብቅም። ዝም ብለሽ ገብተሽ መልሺላት።

እኔ ኮሪደር ላይ እሆናለሁ። በሩን ግን ክፍት ተዪው።

እህትሽ፣ መቼም አይካድ፣
ማርሊስ