ሙፊዳ የገጠመቻት ቧንቧ

ውድ ወንድሜ ኑረዲን፣

በነፋስ ስልክ ላፍቶ እንደ እኔ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው የለም። የማታ ትምህርቱን አንደኛ ወጥቼ ነው የጨረስኩት። እርግጥ እስከ መጨረሻው የዘለቅነው ሦስት ሰዎች ነን፤ አንደኛዋ እናት መነጽራቸውን ረስተው ነው የተፈተኑት፣ ሌላው ደግሞ እንቅልፍ ጥሎት ነበር። ቢሆንም አንደኛ አንደኛ ነው። ስልክህን ዘግተህ ወራቤ ስለተቀመጥክ፣ እህትህ ሐሚዳ ለአረፋ ወደ አገር ስትገባ ይህን ይዛልህ ትመጣለች። እያሳቅሁህ ልጀምር ብዬ ነው እንጂ የምጽፍልህ ነገር አያስቅም።

ከሄድክ ወዲህ የተዘጋ የጥገና ሱቅህን ባየሁ ቁጥር ፊቴን አዞራለሁ። ባለቤቴ ለሊሴ ከብቅልና ከጌሾ የምትጠምቀውን የቤት ቢራ አሁንም በትናንሾቹ የብረት በርሜሎች እየሞላን ለሠርግና ለክርስትና እናደርሳለን። ከበርሜሉ በቱቦ የምትንጠለጠለው፣ በአውራ ጣት እየተጫንን የምንቀዳባት የእጅ ቧንቧ ግን አንተን ካጣች ጀምሮ አኩርፋለች። ጣትህን ብታነሳላትም ማንጠባጠቧን አትተውም። ፈትቼ ሳያት ጎማዋ አልቋል። ኑረዲን የሚሠራውን እኔ የማልሠራው ምን ቆርጦኝ ነው ብዬ፣ ከአሮጌ የሳይክል ጎማ ከመነዳሪ ክብ አድርጌ ቆርጬ ገጠምኩላት። ማንጠባጠቡስ ቀረ። ለቡ አንድ ክርስትና ላይ ግን ቢራው ጎማ ጎማ ሸተተ። የሕፃኑ አያት አንዴ ተጎንጭተው ብርጭቆውን አየት አደረጉና፣ «ሮበሌ፣ ይሄ የሚጠጣ ነው ወይስ የሚሳፈሩት?» አሉኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። በርሜሉን ተሸክሜ ስመለስ ግን ሆዴ ውስጥ የነበርከው አንተ ነህ።

ምክንያቱም ሙፊዳን አባቷ የከለከሉህ በእኔ ቢራ የተነሳ ነው። ጋሽ ኑሪ «የቢራ ዕቃ የሚጠግን እጅ ለልጄ አይሆንም» ብለው ሽማግሌዎችህን እንደመለሱ ያልሰማ የለም። አንተ እኮ አንድ ቀን ቀምሰህ አታውቅም። ቧንቧዋን በሳሙናና በፈላ ውኃ አጥቤ ካላመጣሁልህ ከደጃፍህ አታሳልፋትም ነበር። ጠግነህ ስትጨርስም የምትሞክራት በውኃ ነው፤ ባልዲ ውስጥ ነክረህ አየር ታወጣ እንደሆነ ታያለህ፣ ከዚያ ወደ ጆሮህ አስጠግተህ ታዳምጣታለህ። ይህን ለጋሽ ኑሪ የነገራቸው ሰው የለም።

ስለዚህ ሳትልከኝ ሄድኩ። ብቻዬን። ሽማግሌ ብቻውን እንደማይሄድ አጥቼው አይደለም፤ ለሊሴም «አንተ ሰውዬ፣ ልታማልድ ነው ልታበላሽ?» ብላኝ ነበር። ይባስ ብዬ ደግሞ ያቺን ቧንቧ አጥቤ፣ አድርቄ፣ በኪሴ ይዤ ነው የሄድኩት። ንጽሕናዋን በዓይናቸው ይዩት ብዬ።

ጋሽ ኑሪ በደህና ተቀበሉኝ። ቧንቧዋን ጠረጴዛቸው ላይ ሳስቀምጣት ግን ፊታቸው ጠቆረ። ስለ ሳሙናው፣ ስለ ባልዲው፣ ስለ ውኃው አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«ከዕቃው ጋር ጠብ የለኝም» አሉ። «ዛሬ ይጠግናል። ነገ ከሚጠጣው ጋር ይቀመጣል። እኔ ልጄን የምሰጠው ለነገው ነው።»

 እኔ መልስ ሳጣ እጄ ሥራ እንደሚጀምር ታውቃለህ። ውስጧን ላሳያቸው ብዬ ፈታታኋት። መጫኛዋን ሳነሳ ሞላዋ ተፈናጥራ ከሶፋቸው ስር ገባች። ተንበርክኬ አወጣኋት፤ መልሶ መግጠሙ ግን አቃተኝ። ጎማውን ከላይ ሳደርገው ሞላዋ ትወጣለች፣ ከታች ሳደርገው መጫኛው አይመለስም። ጋሽ ኑሪ እጄን እጄን ያዩኛል። እኔ ላቤ ይንቆረቆራል።

ሙፊዳ ውኃ ይዛልኝ ገብታ ነበር። ብርጭቆውን አስቀመጠችና ቧንቧዋን ከእጄ ወሰደች። ጎማውን በጥፍሯ ገልብጣ አስተኛችው፣ ሞላዋን በላዩ፣ ዘንጉን ትንሽ አዞር አድርጋ፣ መጫኛውን ጠቅ። ከዚያ ወደ ጆሮዋ አስጠግታ ሁለቴ ተጫነቻት።

እኔ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። አባቷም ያን ጊዜ ነው የገባቸው። የእነሱ የኤሌክትሪክ ምድጃ ለምን እንደዚያ ቶሎ ቶሎ እንደሚበላሽ፣ ለምንስ ወደ ሱቅህ ይዛው የምትመጣው እሷ ብቻ እንደሆነች።

«ይህን የት ተማርሽ?» አሏት። ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም።

ሙፊዳም ቀና ብላ፣ «ከኑረዲን። ይመጣል፤ እጠብቀዋለሁ» አለች።

ኑረዲን፣ ልረዳህ ሄጄ ገመናህን ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍኩት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ጋሽ ኑሪ ቧንቧዋን ከልጃቸው እጅ ተቀብለው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። በሩ ድረስ ሸኙኝ፤ ሽኝቱ የጥልም አልነበረም፣ የፍቅርም አልነበረም። ደጅ ላይ ሲደርሱ እንዲህ አሉኝ፦

«ከአረፋ በኋላ ለሙፊዳ ከሌላ ቤት ሽማግሌዎች ይመጣሉ። ቃል አልሰጠሁም። ደብቆኝ የኖረን ሰው ግን በሌላ ሰው አፍ አልሰማውም። የሚለው ካለ ራሱ መጥቶ ፊቴ ይቀመጥ።»

እንግዲህ የሰማሁትን ሰማህ። አገር ቤት ተኮራምተህ መቀመጡን ትተህ ከአረፋ ማግስት መኪና ተሳፈር። እኔ ደግሞ ቃል እገባልሃለሁ፤ ከእንግዲህ ቧንቧ ጠግንልኝ አልልህም። በሱቅህ በኩልም በርሜል ተሸክሜ አላልፍም፤ ቢርቅም በላይኛው መንገድ እዞራለሁ። ቢራዬ ጎማ ከሸተተም ይሽተት፣ የለመዱት ይጠጡታል።

እዚህ ላይ ስሜን ጽፌ ልዘጋው ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ሙፊዳ አለች ያልኩህን ሙፊዳ አላለችም። እኔ ነኝ የጨመርኩት፣ እንድትመጣ ብዬ። ከጻፍኩት በኋላ ደግሞ እውነት መሰለኝና ልሰርዘው አልቻልኩም። አባቷ ሲጠይቋት አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ቧንቧዋን በሁለት እጇ ይዛ አንገቷን ደፍታ ቆመች፤ እሳቸው እጃቸውን እስኪዘረጉ ድረስም አልለቀቀቻትም። ሌላው ሁሉ እንዳለ ነው። ትጠብቅህ እንደሆነ እኔ አላውቅም። መጥተህ አንተው ጠይቃት።

ወንድምህ ሮበሌ
ፉሪ