ያልሮጡት ጎማዎች

ቅዳሜ፣ ጥር 3

ከሥራ እንደገባሁ ትንሿን ቶርኖ አስነሳሁ። አራት የሪሞት መኪና ጎማ ሞረድኩ። ስፖንጅ ስለሆነ ሲሞረድ እንደ ዱቄት ይበናል። አባባ አልጋው ላይ ሆኖ ፀጉሬን አየና «ወፍጮ ቤት ተቀጠርሽ እንዴ?» አለኝ። ግማሽ ጎኑ ታሞም ቀልዱ አልታመመም።

ለታናሼ የነገ ውድድር ከፊት የሚገጠመውን አረንጓዴ ነጥብ ያለበትን መረጥኩ። ለስላሳው ማለት ነው። ሰማያዊው ጠንካራ ነው። የመወዳደሪያው ምንጣፍ አርጅቷል፣ ሳስቷል... ለስላሳ ጎማ ካልሆነ ማን ይነክሰዋል? ደብተሬም ይመሰክራል። ከአምና ጥር ወዲህ በአረንጓዴ አሥራ አንድ ጊዜ ገባ፣ ሰባቱን አሸነፈ።

ቀኑን ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ ስሞርድ ውዬ ቤት ገብቼ ደግሞ የሪሞት መኪና ጎማ። ሰው ቢሰማ ይስቅብኛል። ይሳቅ።

እሁድ፣ ጥር 4

እሁድ ከአባባ ጋር የምውለው እኔ ነኝ። ታናሼ እንዲወዳደር ብዬ ራሴ የወሰድኩት ተራ ነው። አሥር ሰዓት ላይ ደወለ። አንደኛ! «እትዬ፣ ጎማሽ ተአምር ነው።» ደብተሬ ላይ ጻፍኩት።

ሲመጣ ጎማዎቹን አጥቦ አመጣልኝ። ሁሌም አጥቦ ነው የሚመልሰው። እንዲህ ያለ ወንድም ከየት ይገኛል?

ረቡዕ፣ ጥር 7

ልብስ ሰፊው ጋሼ ሥራ ቦታዬ መጡ። አምና የታች ጥርሳቸውን የሠራሁላቸው። ጥርሱ ቆረቆራቸው መስሎኝ ነበር... ለካ ጎማ ፈልገው ነው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ቤቱ ሰፋብኝ አሉ። የስፌት መኪናቸውን ሸጠው ሪሞት መኪና ገዙ። «መኪና በመኪና ለወጥኩ» ይላሉ፣ ራሳቸው እየሳቁ።

ወንድምሽ የሚያሸንፍበትን ለኔም ሥሪልኝ አሉኝ። ደስ አለኝ። ደብተሬን ገልጬ አሳየኋቸው። ከፊት አረንጓዴ፣ ጎማውን ከምንጣፉ የሚያጣብቀውን ቅባት ደግሞ የጎማው ሙሉ ስፋት ላይ። እንደ ሐኪም አዘዝኩላቸው።

እሁድ፣ ጥር 11

ታናሼ አንደኛ። ጋሼስ? ብዬ ብጠይቀው «ተገለበጡ» አለ። አራት ጊዜ። በአራተኛው የመኪናው የፊት ክንድ ተሰበረ።

«እጃቸው ገና ነው» አለኝ። ይሆናል... ግን ያው ጎማ አይደለም እንዴ?

ሰኞ፣ ጥር 12

ጋሼ ጎማዎቹን በፌስታል ይዘው መጡ። ይቅርታ የጠየቁት እሳቸው ናቸው። ጥፋቱ የእጄ ነው፣ ጎማሽን አዋረድኩት አሉኝ።

ጎማዎቹ አልታጠቡም። ከምንጣፉ የተነቀለ ሰማያዊ ፀጉር ስፖንጁ ውስጥ ተሰግስጓል። የግራዎቹ ከቀኞቹ ይበልጥ ተበልተዋል። ልክ ነው፣ የመወዳደሪያው መንገድ በአብዛኛው የሚታጠፈው ወደ ቀኝ ነው፣ ክብደቱ ግራ ላይ ያርፋል። በአንድ ጎኑ ብቻ የሚያኝክ ሰው ጥርሱን ሳየው አውቀዋለሁ። ይኸም እንደዚያው።

ቤት ስገባ ታናሼ የመለሳቸው ጎማዎች ያሉበትን ሳጥን አወረድኩ። የዓመቱን ሁሉ። ሁሉም እኩል ተበልተዋል። ግራ የለ፣ ቀኝ የለ። የሥራ ማጉያዬን አምጥቼ አየሁ። አንድ የምንጣፍ ፀጉር የለም። ቀዳዳዎቹ ውስጥ ግን ግራጫ አሸዋ... ሲሚንቶ።

የቤታችን ደረጃ ሲሚንቶ ነው።

ማክሰኞ፣ ጥር 13

ሌላ ምክንያት ይኖረው ይሆናል። ምን?

ረቡዕ፣ ጥር 14

ጠየቅኩት። ወጥ ቤት ውስጥ፣ የአባባን ሾርባ እያማሰለ ነበር። ማማሰሉን አላቆመም።

አምና ጥር ነው የጀመረው። የኔን አረንጓዴ ገጥሞ ሲሞክር መኪናው ተገለበጠ። እዚያ የመኪና ዕቃ ከሚሸጠው ባለሱቅ ሰማያዊ ወስዶ ገጠመና አሸነፈ። ደውሎ ሲነግረኝ እኔ እየሳቅኩ በደስታ ጮህኩ...

«ከተፋታሽ ወዲህ እንደዚያ ስትስቂ ሰምቼሽ አላውቅም። እንዴት ብዬ ልንገርሽ?»

አልነገረኝም። ያኔም፣ ከዚያም ወዲህ። የኔን ጎማ ደረጃው ላይ እየፈተገ፣ እያጠበ፣ «ተአምር ነው» እያለ ዓመቱን ሙሉ። እዚያ ያሉት ሁሉ ያውቃሉ። ሰዓት የምትይዘዋ ልጅ እንኳን። «እትዬን እንዳትነግሯት» ብሏቸው ነበር። የኔን ሞኝነት ተማክረው ያሳድጉት ነበር ማለት ነው።

ይሁን፣ ይሄንንስ ዋጥኩት። «ጋሼ አረንጓዴ ሲገጥሙ አይተህ ዝም አልክ?» አልኩት።

«ብነግራቸው ላንቺ ይነግሩሻል ብዬ ነው።»

ሽማግሌው በሰው ፊት አራት ጊዜ ሲገለበጡ ቆሞ አየ።

ቢያንስ የእውነቱን ስጠኝ አልኩት። የትኛው ቀን የትኛውን ጎማ ነው የገጠምከው? የትኛው ቅባት? ደብተሬን ላርም። አያስታውስም። ባለሱቁ የሰጠውን ነበር የሚገጥመው።

ሐሙስ፣ ጥር 15

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። እኔ ዘንድ ሁለቱም ተገናኙ። ሃምሳ ሁለት ገጽ። ቅባቱ፣ ደቂቃው፣ የጎማው ውፍረት... አንዱም አልሆነም። በቀይ እስኪሪብቶ ሰረዝኩት። የማያልቅ መሰለኝ።

ያሳዘነኝ ይመስለዋል። እኔ ግን አፈርኩ። ሰው አዝኖልኝ ሲያጨበጭብልኝ እያጎነበስኩ አመሰግን ነበር።

ለጋሼ ሄጄ ሁሉንም ተናገርኩ። «እንግዲህ ሁለታችንም ጀማሪ ነን፣ የኔ ልጅ» አሉ።

እሁድ፣ ጥር 18

ዛሬ አባባን አንተ ጠብቅ አልኩት ታናሼን። አልተከራከረም።

በዓመቴ እዚያ ቦታ ገባሁ። ሰዓት ያዧ ስታየኝ ወረቀቷ ውስጥ ተደበቀች። ሌላውም ጫማውን ያያል። ምን ይበሉኝ?

ጋሼን ይዤ አንድ በአንድ ሞከርን። አረንጓዴ... ሁለተኛው ዙር ላይ ግልብጥ። ሰማያዊ፣ ቅባቱ ውስጠኛው ግማሽ ላይ ብቻ... አልተገለበጠም። የውጭ ጠርዙን ሱፐር ግሉ ቀብተን ስናጠነክረው ጭራሽ ተረጋጋ። ጎንበስ ብዬ ምንጣፉን በእጄ ዳሰስኩት። የሰው ሁሉ ጎማ ቅባት ለዓመታት ጠጥቶ ያጣብቃል። ለስላሳው ጎማ እዚህ ላይ ከመጠን በላይ ይይዝና መኪናውን ይገለብጠዋል። እኔ ደግሞ ቤቴ ቁጭ ብዬ ያረጀ ነገር ሁሉ ያዳልጣል ብዬ ወስኜ ነበር። አንዴ ብነካው አይበቃም ነበር? ይሄኛው ጥፋት የራሴ ነው።

አዲስ ደብተር ገዛሁ። አንድ ገጽ ጻፍኩ።

ቅዳሜ፣ ጥር 24

ለየካቲት 2ቱ የዋንጫ ውድድር አዲስ ምንጣፍ ነጠፈ። ቀኑን ሙሉ ከጋሼ ጋር ስንሞክር ዋልን። ሁሉ ነገር ተገላበጠ! አዲሱ ምንጣፍ ገና ቅባት አልጠጣም፣ ፀጉሩም ልስልስ ነው። ሰማያዊው እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። አረንጓዴው ነክሶ ይዞራል። ሃያ ሁለት ጊዜ ሞከርን፣ ሃያ ሁለቱም ተጻፈ። ጋሼ ወገባቸውን ይዘው «የሙሽራ ልብስ እንኳን እንዲህ አላደከመኝም» አሉ።

ታናሼ ሊሞክር አልመጣም። አባባን የመጠበቅ ተራው ነበር።

ቅዳሜ፣ የካቲት 1

ታናሼ ክፍሌ በር ላይ ቆመ። ከሁለት ሳምንት ወዲህ ከ«አባባ በላ ወይ» በቀር አልተነጋገርንም።

«እትዬ... ነገ ምን ልግጠም?»

ባለሱቁ የለም፣ ሱቁን ዘግቶ ወደ ዘመድ ሄዷል። ታናሼም አዲሱን ምንጣፍ አልሞከረም። «ሰማያዊ» ብል አለቀለት። አንድ ቃል። ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ይበለው የሚል ነገር ሆዴ ውስጥ አለ፣ ልዋሽ አልችልም። ግን ጎማ ላይ ውሸት... ሌላው ሁሉ ይቅር፣ ይሄን አልችልበትም።

«አረንጓዴ» አልኩት። «አዲሱ ምንጣፍ አይዝም፣ ያዳልጣል። ሙሉ ስፋቱን ቀባው።»

ዓይን ዓይኔን አየኝ። «እሺ» አለ።

እሁድ፣ የካቲት 2

አክስቴ ከአባባ ጋር ዋለች። ሁለታችንም ሄድን።

ታናሼ ሰማያዊ ገጥሞ ወጣ።

የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ተንሸራቶ ከመከለያው ጋር ተላተመ። ሁለተኛውም ላይ። መጨረሻ ወጣ። ጋሼ በአረንጓዴ ሦስተኛ ሆኑ። ሰው ሁሉ ከቦ ሲያቅፋቸው የሠራሁላቸው ጥርስ በሙሉ ታየ። አብሬያቸው ሳቅኩ፣ ከልቤ ነው። ታናሼ ሲሸነፍ ይመጣል ያልኩት ደስታ ግን አልመጣም።

ሌባ እናት ልጇን አታምንም።

ዕቃ ስንሰበስብ መኪናውን ታቅፎ አጠገቤ መጣ።

«እውነትሽን ነበር እንዴ?»

«አዎ።»

«ልትበቀይኝ መስሎኝ...»

ዓመቱን ሙሉ ሲዋሸኝ አንድ ቀን አልጠረጠርኩትም።

አብረን ወደ ቤት ተመለስን። መንገድ ላይ ስለ አባባ መድኃኒት ብቻ አወራን።