ሁለቱ የጋሽ ፈገግ ፍላሾች

ጥር 6

ዛሬም ክፍሉን ጠረግኩ። ትናንትም ጠርጌው ነበር። ባዶ ክፍል ምን ይቆሽሻል? ካሜራዬ አለ፣ መጋረጃው ተሰቅሏል፣ የፎቶ መብራት ብቻ የለም። እህቴ መጥታ ዞር ዞር ብላ አየችና "መቀስ የሌለው ፀጉር ቤት" አለችኝ። ከት ብላ ሳቀች።

ስምንት ዓመት ከሠራሁበት ፎቶ ማጠቢያ ቤት የራሴን ፎቶ ቤት ልከፍት ከወጣሁ ሦስት ሳምንቴ። አዲስ የፎቶ ፍላሽ በሕልሜም የለ። ያገለገለ ነው የምገዛው። ያገለገለ ማለት ግን... ምን ያህል ያገለገለ?

ጥር 9

የመጀመሪያ ደንበኛ አገኘሁ! ማዶ ያለችው ልብስ ሰፊ። አባቷ ዘጠና ሊሞላቸው ነው። ወንድሞቿ ከየሄዱበት ለአንድ ቀን ይሰበሰባሉ፤ ቅዳሜ ጥር 20። እሁድ ይበተናሉ። "አሥራ አንድ ነን፣ አንድ ላይ ፎቶ ተነስተን አናውቅም" አለች። እሺ አልኩ። መብራት ሳይኖረኝ እሺ! አፌን ምን ነካው?

ጥር 12

የሰፈራችን ሽማግሌ ፎቶ አንሺ ዘንድ ሄድኩ። ሰዉ ጋሽ ፈገግ ይላቸዋል፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ "ፈገግ በሉ" ሲሉ ስለኖሩ። እሳቸው ፈገግ ሲሉ ግን ያየ የለም። ስቱዲዮአቸውን ዘግተው ዕቃ እየሸጡ ነው። ለምን ዘጉት? "የሰዉ ዓመል ተበላሸ" አሉኝ፣ በቃ።

ሁለት ፍላሽ፣ ከነመቆሚያቸው፣ ከነነጭ ጃንጥላቸው። እሳቸው ዘንድ የሚሠራው ሶኬት አንድ ብቻ ነው። አንዱን ሰክቼ የባዶ ወንበር ፎቶ አነሳሁ። ነቅዬ ሌላውን ሰካሁ። ሃያ ሃያ ጊዜ። ፎቶዎቹ ጥሩ ናቸው። የተቃጠለ ገመድ እንዳይኖር አሸተትኩ።

"ልጄ፣ የምትገዢው መብራት ነው ሽቶ?"

ዕቃው አንዴ ከወጣ እንደማይመልሱም ነገሩኝ። ሁለቱን እንደ ሕፃን ታቅፌ ተመለስኩ። ጥሩ ገዛሁ መሰለኝ... መሰለኝ።

ጥር 13

ጉድ ሆንኩ።

እህቴን አስቀምጬ ሁለቱንም አንድ ላይ ለኮስኳቸው። ግማሽ ፊቷ ቢጫ፣ ግማሽ ፊቷ ሰማያዊ። ደግሜ አነሳኋት፣ ያው። "ወይ ጉበቴን አሞኛል ወይ በርዶኛል፣ አንዱን ምረጪልኝ" አለች። አልሳቅኩም።

የአንደኛው መስታወት አርጅቶ ብርሃኑ ቢጫ ሆኗል። በየተራ ስሞክራቸው ካሜራው ቀለሙን በራሱ እያስተካከለ ጉዱን ሸፈነልኝ። አንድ ላይ ሲሆኑ የቱን ያስተካክል? ስምንት ዓመት እንጀራዬ ቀለም ማየት ነበር እኮ! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

አሥራ አንድ ሰው። እሁድ ይበተናሉ።

ሽማግሌው ሸወዱኝ። ሠላሳ ዓመት የሠራበትን መብራት የማያውቅ ማን አለ? ነገ ልካቸውን እነግራቸዋለሁ።

ጥር 14

መንገዱን ሁሉ የምናገረውን እያጠናሁ ሄድኩ። "ጋሼ፣ እርስዎን የመሰለ ትልቅ ሰው..." በሩን ሲከፍቱልኝ ጠፋብኝ። የእህቴን ፎቶ እጃቸው ላይ አስቀመጥኩ። ወደ መስኮቱ ወሰዱት። አራቁት፣ አቀረቡት።

"ቆንጆ ናት። እህትሽ ነች?"

"ጋሼ፣ ፊቷን ይዩት እንጂ።"

"አየሁት። ምን ሆነ?"

"በዚህ በኩል ቢጫ ነው።"

ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አኑረው ቀስ ብለው "አንቺም?" አሉኝ።

ነገሩን አወጡት፤ ሁለት ዓመት ደንበኛ ሁሉ ፊታችን ቢጫ ሆነ እያለ ሲመላለስባቸው ነበር። እሳቸው ደግሞ ጥፋቱን ፎቶ በሚያጥብላቸው ሰው ላይ ጣሉት። የሠላሳ ዓመት ጓደኛቸው ላይ! ቀለም ትሰርቀኛለህ ብለው ተጣሉት።

ጠረጴዛው ላይ አንድ ነጭ ፖስታ፣ አንድ ደግሞ ቢጫ ነበር። ነጩን ይስጡኝ አልኳቸው። ሁለቱንም አገላብጠው አዩ።

"ሁለቱም ነጭ ናቸው" አሉ።

ንዴቴ የት እንደገባ እንጃ። ዝም ብል ይሻል ነበር? "ጋሼ፣ ዓይንዎን ሐኪም ዘንድ ይታዩ" አልኩ። ቁጭ አሉ። ፖስታዎቹን አልለቀቁም። በኋላ "ገንዘብሽን እመልስልሻለሁ" አሉ። ገንዘቡ ቅዳሜን አያድንልኝም። ሌላ ፍላሽ ከየት ላመጣ?

"እሱ ይቆይ፤ ቅዳሜ ምን ልሁን?"

አሰቡ። "ቢጫውን ከሰው ላይ አንሺው። ወደ መጋረጃው አዙሪው፤ መጋረጃ ቢጫ ሆንኩ ብሎ አይከስሽም። ሰዉን በደህናው ብቻ አንሺ። በሌላ በኩል ነጭ አንሶላ ወጥሪ፣ ብርሃኑን ይመልስልሻል።"

ጥር 19

አንሶላውን ሦስት ጊዜ ተኮስኩ። የፈሩት ይደርሳል... አትጻፊው!

ጥር 20

እጄን ስላላመንኩት ካሜራውን መቆሚያ ላይ አሰርኩት። አሥራ አንዱም መጡ። አባትየው ብልጭ ባለ ቁጥር ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ታላቁ ልጅ ሰዓቱን ያያል። ደህናው ፍላሽ ቢሞትብኝስ? በአሥራ አራተኛው ብልጭታ አባትየው ዓይናቸውን ገለጡ።

አሥራ አንድ ፊት። አንድ ቀለም። ልብስ ሰፊዋ ስታየው አለቀሰች። እኔ መጋረጃው ጀርባ ገብቼ አለቀስኩ።

መጋቢት 25

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ፈገግ ጥቁር መነጽር አድርገው መጡ። የዓይናቸውን ሞራ በቀዶ ጥገና አስወግደው ነው። የማላውቀው ሽማግሌ ክንዳቸውን ይዟል። ፎቶ አጣቢው! "ይቅርታ ጠየቀኝ፣ ግን ሁለት ዓመት ዘግይቶ" አለኝ ሰውዬው።

መነጽራቸውን አውልቀው ግድግዳውን አዩ። "ለካ እንዲህ ነጭ ነው?" ከዚያ ሁለቱን ፍላሾች አስለኮሱኝ። አንዴ። ደግሞ አንዴ።

"ይሄን ቢጫውን ማን ነው የሸጠልሽ?"

"አንድ ሽማግሌ ናቸው፣ ጋሼ።"

"ሌባ ናቸው" አሉና ፈገግ አሉ።

ጎን ለጎን አስቀምጬ አነሳኋቸው። ጋሼ ካሜራ ፊት መቀመጥ አላወቁበትም፤ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጓደኛቸው ነው ያሳያቸው። ካሜራውን መቆሚያ ላይ ሳላስር፣ በእጄ ይዤ ማንሳቴ ትዝ ያለኝ አሁን ስጽፍ ነው።